ሰሚና አዳማጭ፦ አለቆች የሠራተኛን ስሜት መመርመር የጀመሩበት ታሪክ



ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ርእሰ ጉዳይ በእንግሊዝኛው «ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ» የሚባለው፣ በእኛ ቋንቋ ገና አንድ የጸና ስም ያላገኘው፣ አንዳንዶች «ስሜታዊ ብልህነት» ሌሎች «የስሜት ብስለት» የሚሉት ነገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ለኃላፊዎች በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ዳንኤል ጎልማን በ1995 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ጠንቀቅ የሚሉት አሠልጣኞች ደግሞ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደው፣ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉት የሥነ ልቡና ምሁራን በ1990 ያወጡትን ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ስያሜው የገነነው በእርግጥ በእነዚያ ዓመታት ነው። የታሪክ ሰው እንደመሆኔ ግን ከስያሜው ይልቅ ጥያቄው መቼ እንደተወለደ መመርመር እወዳለሁ። አለቃ የሆነ ሰው በሠራተኛው ልብ ውስጥ ያለውን ለማወቅ የፈለገው ከመቼ ጀምሮ ነው? ያወቀውንስ ነገር ምን አደረገበት? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ስለሚያሳስበኝ አብዛኛውን ጊዜዬን የምሰጠው ለእርሱ ነው። የአገራችንን አዋጅ ከምጠራበት ቦታ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከተቃራኒው ልጀምር። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ስለ ሳይንሳዊ የሥራ አመራር ባሳተመው መጽሐፉ፣ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ጥሬ ብረት ተሸክሞ ወደ ባቡር ፉርጎ የሚጭን የአንድ ሠራተኛ ታሪክ ያወሳል። በዚያ ሥራ አንድ ሰው ቀድሞ በቀን 12 ቶን ተኩል ያህል ይጭን ነበር። ይህ ሠራተኛ ግን ተቀመጥ ሲሉት እየተቀመጠ፣ ተነሥ ሲሉት እየተነሣ፣ እርምጃውም ዕረፍቱም በሰዓት እየተለካ 47 ቶን ተኩል መጫን ቻለ። የቀን ደመወዙም ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ85 ሳንቲም ከፍ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚስማማው ሰው በአእምሮው ከበሬ ጋር የሚቀራረብ ነው ብሎም ቴይለር ያለ አንዳች ኀፍረት ጽፏል። ቴይለር ታሪኩን አሳምሮታል ብለው በሰነድ የሞገቱ ተመራማሪዎች አሉ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከሆነው ነገር ይልቅ አስተሳሰቡ ይበቃናል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሠራተኛው አንድ የታወቀ ስሜት ብቻ ነበረው፤ እርሱም ገንዘብ መፈለግ ነው። ኩራቱ፣ ቅሬታው፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ያለው ፍቅር፣ ለነገ ያለው ፍርሃት ሁሉ ከመንገድ የሚጠረግ እንቅፋት ነበር። በዚያው በ1911 በማሳቹሴትስ በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት አቅላጮቹ በሥራ መለኪያው ሰዓት ምክንያት ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ነገሩም እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደርሶ ቴይለር ራሱ ቀርቦ ተጠየቀ። እንቅፋት የተባለው ነገር የራሱ እግር እንዳለው የታየው ያን ጊዜ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር ለብዙኀን በሚታተም መጽሔት ላይ «ማኅበራዊ ብልህነት» ስለሚባል ችሎታ ጻፈ። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሁሉ የበለጠው መካኒክ ማኅበራዊ ብልህነት ከጎደለው ካቦ ሆኖ ሲሾም ሊወድቅ ይችላል ሲል አመለከተ። እኔ ይህችን አጭር ሐሳብ ከብዙ የሥልጠና መጻሕፍት አስበልጣታለሁ። እጁ የሠለጠነውን ሰው በሰው ላይ ሾሞ ከዚያ በኋላ የሚጸጸት መሥሪያ ቤት የማያውቅ ማን አለ?

አሁን ወደ ዋናው ስፍራ እንሂድ። ከቺካጎ ከተማ አጠገብ፣ ሲሴሮ በምትባል ቦታ፣ ሆቶርን የሚባል ግዙፍ ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ የአሜሪካን የስልክ ዕቃዎች የሚሠራው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ 40,000 ያህል ሰዎች ይሠሩበት ነበር። የራሱ ሆስፒታል፣ የራሱ የእሳት አደጋ ቡድን፣ የራሱ የስፖርት ማኅበራት ነበሩት። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ከቦሄሚያ፣ ከፖላንድና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ኩባንያው የሠራተኛን ልብ በመዝናኛ ለመያዝ ከቀደሙት አንዱ ነው። ይህ በጎ ፈቃዱ ግን በአንድ መራራ ቀን ይታወሳል። ሐምሌ 24 ቀን 1915 የኩባንያውን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸውን ለዓመታዊ ሽርሽር ያሳፈረችው «ኢስትላንድ» የተባለች መርከብ ከቆመችበት የቺካጎ ወንዝ ዳር ሳትርቅ ተገለበጠችና 844 ሰዎች አለቁ። ሙሉ ቤተሰብ ያለቀበት ቤት ብዙ ነበር። ስለ ሆቶርን የሚጻፉ የአመራር መጻሕፍት ይህን አያነሡም፤ ከ1924 በፊት ፋብሪካው ታሪክ ያልነበረው ይመስል ከመብራቱ ሙከራ ይጀምራሉ። እኔ ያነሣሁት በኋላ ስለ ስሜታቸው የተጠየቁት ሰዎች ብዙዎቹ የዚያ ሰፈር ሰዎች እንደነበሩ ሳንዘነጋ እንድንሄድ ነው።

በ1924 የተጀመረው ሙከራ ከስሜት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ጥያቄው መብራት ሲደምቅ ሥራ ይጨምራል ወይ የሚል ነበር። መብራቱን ሲያደምቁት ሥራው ጨመረ፤ ሲያደበዝዙትም አልቀነሰ፤ መብራታቸው ባልተነካው ሠራተኞች ዘንድም ጨመረ። በመጨረሻም ሁለት ሴቶች ከጨረቃ ብርሃን ባልበለጠ መብራት ውስጥ ሆነው እንደ ወትሮው ሠሩ። መሐንዲሶቹ ግራ ተጋቡ። የሚለኩት ነገር ውጤቱን እየወሰነ አልነበረም።

ስለዚህ በ1927 ሚያዝያ ወር ሌላ ክፍል ከፈቱ። አምስት ወጣት ሴቶች «ሪሌይ» የሚባለውን፣ 35 ያህል ጥቃቅን ብልቶች ያሉትን የስልክ መስመር መቀያየሪያ እንዲገጣጥሙ፣ አንዲት ሌላ ደግሞ ዕቃ እንድታቀብላቸው ከትልቁ አዳራሽ ተለይተው ገቡ። አንዱን ዕቃ ለመግጠም አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የተጠናቀቀው በአሸንዳ በኩል ሲወርድ መቁጠሪያ መሣሪያ በወረቀት ጥቅል ላይ ቀዳዳ ይበሳለታል። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል እነዚህ ሴቶች የተለወጠባቸውን ነገር ቆጥሮ መጨረስ ያስቸግራል። የዕረፍት ጊዜ ተሰጣቸው፣ ተጨመረላቸው፣ ተቀነሰባቸው፤ የጠዋት ቁርስ መጣላቸው፤ የሥራ ሰዓታቸው አጠረ፤ ከዚያም በ1928 መገባደጃ ላይ ሁሉም ነገር ተነሥቶ ወደ ቀድሞው 48 ሰዓት ሳምንት ተመለሱ። የሥራቸው ጠቅላላ መጠን ግን ያን ጊዜም አልወረደም። በጥቅሉ ምርቱ 30 በመቶ ያህል አድጓል።

ከዚህ ላይ ነው አፈ ታሪኩ የሚወለደው። በ1926 ወደ ሃርቫርድ የገባው አውስትራሊያዊው ኤልተን ሜዮ ከ1928 ጀምሮ ወደ ሆቶርን እየተመላለሰ ለውጤቱ ትርጉም ሰጠው። እንደ እርሱ አባባል ሴቶቹን የለወጣቸው ዕረፍቱ ወይም ቁርሱ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ልብ ብሎ ያያቸው፣ ሐሳባቸውን የጠየቃቸው፣ እንደ ቡድን ያከበራቸው መሆኑ ነው። በየሥልጠናው ስትሰሙት የኖራችሁት ታሪክ ይኸው ነው። በውስጡ እውነት አለ። ሴቶቹ ራሳቸው በክፍሉ ውስጥ የቆመ ካቦ አለመኖሩንና እየተጫወቱ መሥራታቸውን እንደሚወዱ ተናግረዋል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ከታሪኩ ይወድቃሉ። አንደኛው ክፍያው ነው። በትልቁ አዳራሽ ሳሉ የሚከፈላቸው በመቶ በሚቆጠር ቡድን የጋራ ውጤት ተሰልቶ ነበር። አንዲቱ ብትፋጠን ጥቅሟ በመቶው መካከል ይበተናል። በአዲሱ ክፍል ግን ስሌቱ በጥቂቶቹ ብቻ ሆነ፤ የእጃቸው ፍጥነት ወዲያው ኪሳቸው ውስጥ ይታይ ጀመር። ሁለተኛው ደግሞ በ1928 ጥር ወር የሆነው ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ሲሠሩ ያወራሉ፣ የሚፈለገውን ያህልም አልሠሩም ተብለው ከክፍሉ ወጡና በሌሎች ሁለት ተተኩ። ከተተኪዎቹ አንዷ በዚያው ሰሞን በቤተሰቧ ላይ ሐዘን የደረሰባት፣ የቤቱም ቀንበር የወደቀባት ልጅ ነበረች፤ ክፍሉን ወደ ፊት የገፋችው እርሷ ናት። እንግዲህ ፍሬው የመከበር ብቻ ነው? ወይስ የደመወዝ፣ የችግርና «እንደነዚያ እንዳልባረር» የማለትም ጭምር ነው? አሌክስ ኬሪ በ1967፣ ሪቻርድ ፍራንክና ጄምስ ካውል በ1978 መረጃውን እንደገና መርምረው የሜዮን ትርጉም አጥብቀው ሞግተዋል። እኔም ከሞጋቾቹ ወገን ነኝ። ይህን ስል መከበር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ መከበርን ከደመወዝ ለይቶ የመዘነው ሚዛን ትክክለኛ አልነበረም ማለቴ ነው።

አሁን የምደርስበት ክፍል ከሙከራዎቹ ሁሉ የበለጠ የሚስበኝ ነው። በ1928 መስከረም ወር ኩባንያው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ማነጋገር ጀመረ። ዓላማው መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር፤ ካቦዎችን ለማሠልጠን የሠራተኛውን ቅሬታ መሰብሰብ። ጠያቂዎቹ የጥያቄ ዝርዝር ይዘው ይገባሉ፤ ሠራተኛው ግን ከዝርዝሩ እየወጣ ሌላ ነገር ያወራል። ስለ መታጠቢያ ቤት ሲጠይቁት ስለ ልጁ በሽታ ይነግራቸዋል። በ1929 አጋማሽ ዘዴው ተለወጠና ጠያቂው ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ተደነገገ። አይከራከርም፣ አይመክርም፣ አይፈርድም፤ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ሳይነገር የቀረውንም ያስተውላል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ንግግር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ረዘመ። እስከ 1930 ድረስ 21,000 ያህል ሰዎች ተነጋግረዋል። ከዚያ ዘመን በፊት አንድ ኩባንያ የእነዚህን ያህል ሰዎች የልብ ነገር በጽሑፍ አከማችቶ ያውቃል ብዬ አላምንም።

ለሚዛን ያህል፣ ይህ ሥራ ፍሬ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ስለ ሥራ ቦታው ጉድለት የተነገረው ነገር የተናጋሪው ስም ተሰርዞ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፍ ነበር፤ የተስተካከለም አለ። ካቦዎችም ሠራተኞቻቸው ይናገሩናል ብለው ሲሰጉ ጠባያቸውን አለዘቡ። አንዲት ሴት ደግሞ አለቃዋን የጠላችው ከምትጸየፈው የእንጀራ አባቷ ጋር እየመሰላት መሆኑን እያወራች ሳለ ራሷ ደረሰችበት። ሜዮ ይህን ታሪክ ወድዶት ይጠቅሰዋል።

ሌላም የሚጠቀስ ታሪክ አለ። አንድ ሠራተኛ በፋብሪካው የምግብ ቤት ምግብ ክፉኛ ያማርራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያነጋገረውን ሰው ሲያገኘው፣ አቤቱታውን ለበላይ አድርሶ ምግቡ እንዲሻሻል ስላደረገለት ከልብ ያመሰግነዋል። ምግቡ ግን አልተለወጠም ነበር። ማንም ምንም አላደረገም። ተንትኖ የሚያስተምር ሰው ይህን ሲሰማ ይደሰታል፤ «ተመልከቱ፣ ሰውየው የፈለገው መደመጥ ብቻ ነበር» ይላል። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ያ ምስጋና የተገኘው በአንድ አለመግባባት ነው። ሠራተኛው የተረዳው ነገር ሌላ፣ ኩባንያው ያደረገለት ሌላ።

ከዚህ ላይ ቋንቋችን ይረዳናል። በአማርኛ ስሜት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሆዱ ባሰው፣ ሆዱ ሻከረ፣ ሆዱን ሰጠው፣ ሆደ ባሻ ሆነ እንላለን። መሪንም ስናመሰግን «ሆደ ሰፊ ነው» እንላለን። ልብ በሉ፤ ሆደ ሰፊ ማለት የሌላውን ስሜት መርምሮ የሚያውቅ ማለት አይደለም፤ የራሱን ቁጣ ችሎ የሚይዝ፣ የሌላውን ጥፋት ውጦ የሚያሳልፍ ማለት ነው። የዛሬ ሥልጠናዎች ከዘረዘሯቸው ችሎታዎች መካከል ራስን መግዛት የሚሉት ለዚህ ይቀርባል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስገርመኝ «ሰሚ» የሚለው ቃል ነው። አንድ ባለጉዳይ «ሰሚ አጣሁ» ብሎ ሲያለቅስ ጆሮ ያለው ሰው ጠፋ ማለቱ አይደለም። ጎረቤቱም፣ ጸሐፊዋም፣ ዘበኛውም ሰምተውታል። የጠፋው የሰማውን ነገር ይዞ የሚፈርድለት ሰው ነው። በቀድሞው ዘመን በዙፋን ችሎት ፊት ወይም በመንገድ ዳር «አቤት!» እያለ የሚጮኸው ሰው የሚፈልገው ሥልጣን ያለውን ጆሮ ነበር። ንጉሡ ሊፈርድበትም ይችላል፤ ቢሆንም ሰምቶታል። ስለዚህ በእኛ አነጋገር አዳማጭ ሌላ ነው፣ ሰሚ ሌላ ነው። የሆቶርን ሠራተኛ ሰሚ ያገኘ መስሎት አዳማጭን አመሰገነ።

ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት በደረጃው ሥር የተሰቀለ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ነበር። በጊዜ ብዛት ቁልፉ ጠፍቶ ስለነበር ማንም አይከፍተውም፤ ሰው ግን ወረቀት እያጠፈ መክተቱን አልተወም ነበር። ሣጥኑ አዳማጭ ነበር ልበል?

ወደ ሆቶርን እንመለስ። ከ1931 ኅዳር እስከ 1932 ግንቦት ድረስ ሌላ ክፍል ተከፍቶ ነበር። በዚህኛው ውስጥ 14 ወንዶች ነበሩ፤ ዘጠኙ ሽቦ የሚያገናኙ፣ ሦስቱ የሚበይዱ፣ ሁለቱ የሚቆጣጠሩ። ተመራማሪው ምንም ነገር አልለወጠም፤ ጥግ ይዞ ተመለከተ። ሰዎቹ የቀን ሥራ ማለት ሁለት ዕቃ ማጠናቀቅ ነው ብለው በመካከላቸው ተስማምተዋል። ከዚያ አልፎ የሚሮጠውን ስም እያወጡ ይሳለቁበታል፤ አልመለስ ካለም ክንዱን በጡጫ ይመቱታል። እጅግ የሚያንሰውም ይነቀፋል፤ ለአለቃ ወሬ የሚያቀብል ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ፍጥነት ያለው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ሆን ብሎ ይዘገያል።

በ1939 የሆቶርንን ጥናት በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ያቀረቡት ፍሪትዝ ሮትሊስበርገርና ዊልያም ዲክሰን ይህን ጠባይ የቡድን ስሜት ውጤት አደረጉት፤ ከኢኮኖሚ ስሌት የመጣ አይደለም፣ ራሳቸውን ከለውጥ ለመከላከል የፈጠሩት ልማድ ነው አሉ። እኔ አልቀበለውም። ሰዎቹ ይፈሩ የነበረው ምርቱ ከጨመረ የክፍያው ተመን እንዳይቀነስ፣ ወይም ሥራው ቶሎ አልቆ ሰው እንዳይባረር ነው። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። ክፍሉም የተዘጋው ሥራ ስለጠፋ ነው። በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው የሆቶርን ሠራተኛ በዚያ ድቀት ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ። እንግዲህ ማን ነበር ሁኔታውን በትክክል ያነበበው? ጥግ ይዞ የተቀመጠው ተመራማሪ ወይስ ሽቦ የሚያገናኙት ሰዎች?

እንዲያውም የዛሬውን ቃል ለዚያ ዘመን ልዋሰውና፣ በሆቶርን ውስጥ ከፍተኛው የስሜት ብልህነት የታየው በዚያ የሽቦ ክፍል ነው እላለሁ። እርስ በርስ ፊት ይተያያሉ፤ ማን እንደደከመ፣ ማን ቤቱ እንደተቸገረ፣ ማን ሊሰበር እንደተቃረበ ያውቃሉ። የደከመውን ያግዙታል፤ ማገዝ በደንብ የተከለከለ ቢሆንም። የአለቃቸውንም ልብ አንብበው ምን ቢነገረው እንደሚረጋጋ ያውቃሉ፤ የቅርብ አለቃቸውም የሚሆነውን እያየ ዝም ይላል። የተገዢ ሰው ስለ ገዢው ስሜት ያለው ዕውቀት ሁልጊዜ ከገዢው ዕውቀት ይበልጣል፤ ኑሮው በዚያ ላይ ስለተንጠለጠለ። የአመራር መጻሕፍት ይህን ዕውቀት ብልህነት ብለው ሲጠሩት አይታይም። ከታች ሲሆን ስሙ ብልጠት ወይም ለውጥን መቃወም ነው።

በ1936 ኩባንያው የማዳመጡን ሥራ ቋሚ አደረገው። አማካሪ የተባሉ ሰዎች ተቀጥረው በየክፍሉ እየተዘዋወሩ የሠራተኛውን ብሶት ይሰሙ ጀመር። የአማካሪዎቹ ደንብ እጅግ ግልጽ ነው፦ የሰሙትን ምሥጢር ይጠብቃሉ፤ በአለቃና በሠራተኛ መካከል አይገቡም፤ ምንም ነገር አያስፈጽሙም። ምሥጢር መጠበቁ የሚያስመሰግን ነው። ሦስተኛው ግን ማዳመጥን ከመፍረድ ለመጨረሻ ጊዜ የለየ ደንብ ነው። ደመወዝ ያነሰው ሰው ስለ ደመወዙ በነጻነት ይናገራል፤ ተንፍሶ ይመለሳል፤ ደመወዙም እዚያው ይቆያል። ዳንኤል ቤል የተባለው የማኅበረሰብ ምሁር እንዲህ ያለውን ጥናት የላም ሶሲዮሎጂ እያለ ሲሳለቅበት፣ ደስ ያላት ላም ብዙ ትታለባለች ማለቱ ነበር። ቴይለር በሬ ብሎ ነበር፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከበሬ ወደ ላም ደረስን ማለት ነው። መርሐ ግብሩ 20 ዓመት ቆይቶ በ1956 ተዘጋ።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዴ? ነበር። ሜሪ ፓርከር ፎሌት የተባለች፣ በ1868 ተወልዳ በ1933 ያረፈች አሜሪካዊት አሳቢ ሜዮ ሆቶርንን ከማየቱ በፊት በኒው ዮርክ ለድርጅት ኃላፊዎች ትናገር ነበር። በ1925 ስለ ትእዛዝ አሰጣጥ ባቀረበችው ንግግር፣ ሰው በሰው ሲታዘዝ የሚሰማውን መዋረድ አስቀድማ ታውቀዋለች። መፍትሔዋ ግን አለቃው ለስለስ ብሎ እንዲያዝ ማሠልጠን አልነበረም። ትእዛዙ ከአለቃው አፍ መውጣቱ ቀርቶ ሁለቱም አብረው ከመረመሩት ሁኔታ ይውጣ አለች፤ ሁለቱም ለሥራው ጠባይ ይታዘዙ። በሰው ላይ ስላለ ሥልጣንና ከሰው ጋር ስላለ ሥልጣንም ለይታ አስተማረች። የምትሰጠው ምሳሌ ተራ ነው። በሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሰው መስኮት ይከፈት ሲል እርሷ ይዘጋ ትላለች። ንፋሱ በቀጥታ እንዳይመጣባት ነው የፈለገችው፤ ሰውየውም የፈለገው ያንኑ መስኮት ሳይሆን አየር ነው። ማንም ያልተቀመጠበትን የቀጣዩን ክፍል መስኮት ከፈቱ። አንዱም ሌላውን ሆደ ሰፊ እንዲሆንለት አልለመነም። ስሜቱ መነሻ ሆነ፤ መድረሻው ግን መስኮቱ ነው። ፎሌት ከሞተች በኋላ ለረጅም ጊዜ ተረሳች፤ ሜዮ ግን ገነነ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ይመስለኛል፦ የሜዮ ትምህርት አለቃውን ሥልጣኑን ሳያስነካ ደግ ሰው ያደርገዋል፤ የፎሌት ግን ከሥልጣኑ ያስከፍለዋል።

የቀረውን ዘመን በፍጥነት ላልፈው እችላለሁ፤ ትውውቃችሁ ብዙ ስለሆነ። ምርትን የሚያመጣው የሰው እጅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ፊቱም ሲሆን፣ ፈገግታም በደመወዝ መታሰብ ጀመረ። አርሊ ሆክሺልድ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ሁለት ሙያዎችን አነጻጸረች፤ መንገደኛውን ደስ እንዲያሰኙ የሚከፈላቸው የበረራ አስተናጋጆችና ባለዕዳውን እንዲያስጨንቁ የሚከፈላቸው ዕዳ ሰብሳቢዎች። ሁለቱም ስሜታቸውን ለቀጣሪ አከራይተዋል። ያን ሥራ «የስሜት ሥራ» ብላ ሰየመችው፤ እንደማንኛውም ሥራ እንደሚያደክምም አሳየች። ሳሎቬይና ሜየር በ1990 ስሜትን የመለየትና የመያዝ ችሎታ አንድ ዓይነት ብልህነት ነው ሲሉ ንግግራቸው ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። ጎልማን በ1998 ነገሩን ወደ ድርጅት መሪዎች መጽሔት ሲያመጣው ጥንቃቄው እየሳሳ፣ ተስፋው እየሰፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያለው የሥልጠና ታሪክ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የቺካጎ ታሪክ እኛን ምን ያገባናል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አነስተኛ የደመወዝ ወለልን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። አዋጁ በወጣበት ዘመን በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች በተከፈቱት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ የሚሰፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከገጠር የመጡ፣ ቤተሰብ የሚጠብቃቸው፣ ከሪሌይ ክፍሏ ልጅ ሸክም የማይተናነስ ሸክም ያለባቸው። ካቦዎቻቸው እንዳይጮኹባቸው፣ ስማቸውን እንዲያውቁ፣ ሐዘን ሲደርስባቸው እንዲያጽናኑ ቢሠለጥኑ መልካም ነው። ቁጣ የለመደ አለቃ ያለበትን የስፌት መስመር ያየ ሰው ይህን አያናንቅም። ሆኖም አሠልጣኙ ከመግባቱ በፊት ኃላፊዎቹን አንድ ነገር እንዲጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ ከምትሰሙት ነገር ውስጥ የትኛውን ልትለውጡ ሥልጣን አላችሁ? ለሚለወጠው ሰሚ ሁኑ። ለማይለወጠው «ይህን መለወጥ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ባለ ሥልጣኑ እገሌ ነው፣ ማኅበራችሁም ሊጠይቀው ይችላል» በሉ። ለስላሳ አንደበት አይመስልም፤ ነገር ግን ያቺን ሴት ለማይመጣ ነገር ከማመስገን ያድናታል።

የሆቶርን ፋብሪካ ሆክሺልድ መጽሐፏን ባሳተመችበት በዚያው በ1983 ተዘጋ። ከዚያ ግዙፍ ግቢ ዛሬ የሚታየው አንድ ግንብ ነው፤ በዙሪያው ሱቆች ተሠርተዋል። የአማካሪዎቹን መርሐ ግብር ታሪክ ራሳቸው ዲክሰንና ሮትሊስበርገር በ1966 መጽሐፍ አድርገው አውጥተውታል። ከመካከላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ከዚያ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ አዳማጮቹ ያደመጡትን ነገር ምን ብለው እንደመደቡት በዚያ ውስጥ ያገኛል።